ከቪው 2 ወዴት? ስለ አዲስ የፍሮንትኤንድ መሣሪያ ከጅማ የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎች

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣

በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አነስተኛ የሶፍትዌር ሥራ ቤት ከፍተን እንሠራለን። ዋናው ሥራችን በማና፣ በጎማና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ለሚገኙ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያዘጋጀነው የእሸት ቡና መረከቢያ ሥርዓት ነው። መዝጋቢው ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የአርሶ አደሩን ስም፣ የእሸቱን ክብደትና የዕለቱን ዋጋ በስልኩ ያስገባል፤ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ማታ በኮምፒውተር ድምሩን ያወጣል። ገጾቹን የጻፍናቸው የድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው በቪው 2 ሲሆን ሰንጠረዦቹንና ቅጾቹን የወሰድነው በቪው ላይ ከተሠራው ዝግጁ የገጽ ክፍሎች ስብስብ፣ ከቪውቲፋይ ነው። የቪው 2 ድጋፍ ማብቃቱን ተከትሎ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። እኔ ወደ ቪው 3 እንሻገር እላለሁ። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ የተቀላቀለችን ባልደረባችን ግን «ወደ ቪው 3 መሄድም ግማሹን ገጽ እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ መጻፉ ካልቀረልን ቀለል ባለውና ፈጣን በሆነው ሌላ መሣሪያ፣ በስቬልት እንጻፈው» ትላለች፤ እውነቱን ለመናገር ክርክሯን ልረታው አልቻልኩም። ሦስተኛው ባልደረባችን «የሚሠራን ነገር አትንኩ» ባይ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ በምን ይመዘናል?

ከአክብሮት ጋር፣ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ ከጅማ

መልስ

ጠያቂያችን፣ አጭር መልስ ያለው የሦስተኛው ባልደረባዎ ሐሳብ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የቪው 2 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ነው። ይህ ማለት ገጾችዎ ነገ ሥራ ያቆማሉ ማለት ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የደኅንነት ክፍተት ቢገኝ ከፕሮጀክቱ ነፃ ጥገና አይመጣም ማለት ነው። የአርሶ አደሮች ስምና የሚከፈላቸው ገንዘብ የሚመዘገብበት ሥርዓት በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ሊቆይ አይገባውም። ቢሆንም «አትንኩ» የሚለው ምክር አንድ ጠቃሚ ነገር ይዟል፦ መጣደፍ አያስፈልግም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት በሚገባበት ወቅት ሥርዓቱን የሚለውጥ ሰው ከማኅበራቱ ጋር ያለውን ውል ለማፍረስ የቸኮለ ነው። የለውጡ ሥራ ከጥር በኋላ ተጀምሮ ከመስከረም በፊት ማለቅ ይኖርበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የማያልቅ ከሆነ ደግሞ በሁለት ዓመት ተከፍሎ መታቀድ አለበት እንጂ በመከር መካከል ሊገባ አይችልም።

ወደ ባልደረባዎ ክርክር ልመለስ። ልጅቱ የምትለው ግማሹ እውነት ነው፣ እርስዎም ሊረቱት ያልቻሉት ለዚህ ነው። ቪው 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚሠራው ቪውቲፋይ 3 በይፋ የቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ላይ ነበር። በመካከሉ በነበሩት ሁለት ዓመታት በቪውቲፋይ የሠሩ ቡድኖች ሁሉ ዋናው መሣሪያ አልፏቸው ሄዶ በላዩ የተሠራው ስብስብ እስኪደርስ ሲጠብቁ ቆይተዋል። ሲደርስም የብዙዎቹ ኮምፖነንቶች (ገጹ የሚገነባባቸው ክፍሎች) አጻጻፍ ተለውጦ ነበር፤ ስለዚህ ሰንጠረዦችዎንና ቅጾችዎን እንደገና መዳሰስዎ አይቀርም። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከቪው ያለፈ ይመስለኛል። አንድን ፍሬምወርክ፣ ማለትም እንደ ቪው ያለ የገጽ መሥሪያ መሠረት፣ ስንመርጥ የምንመርጠው እርሱን ብቻ አይደለም፣ በላዩ የምንጭናቸውን ስብስቦች ባለቤቶች ፍጥነትና ትዕግሥትም ጭምር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስረን ደግሞ ይኸኛው ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ «መጻፉ ካልቀረልን» የሚለው አባባል ሁለቱን ድካሞች እኩል አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ እኩል ግን አይደሉም። በቪው 2 የለመዳችሁት ኮምፖነንትን ዳታ፣ ሜተድስና ኮምፒውትድ በተባሉ ክፍሎች የመከፋፈል አጻጻፍ በቪው 3ም ይሠራል፤ አዲሱን አጻጻፍ መጠቀም በውዴታ የተተወ ነው። የገጽ አብነቶቹም በአብዛኛው እንዳሉ ይቀጥላሉ። ስለዚህ እንደገና የሚነካው በዋናነት የቪውቲፋይ ክፍል፣ ተሰኪዎቹና የመነሻው ማዋቀሪያ ነው። ወደ ስቬልት ሲሄዱ ግን የሚለወጠው እያንዳንዱ ፋይል ነው፤ ከፋይሉም ጋር ሦስታችሁም ስህተት ስታዩ «ይኼ ከዚህ ነው የመጣው» ብላችሁ ወዲያው የምታውቁበት የዓመታት ልምድ አብሮ ይለወጣል። ይህ ልምድ በዋጋ ሰነድ ላይ ስለማይጻፍ ሁልጊዜ ይረሳል።

ስቬልትን ማሳነሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪች ሃሪስ የወጣው ይህ መሣሪያ የያዘው ሐሳብ ብልህ ነው፦ ገጹ በተጠቃሚው ስልክ ላይ ከመከፈቱ በፊት፣ ገና ኮዱ ሲዘጋጅ፣ አብዛኛውን ሥራ ኮዱን ለብራውዘር የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይጨርሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ለትንንሽ ገጾች ወደ ስልኩ የሚላከው ኮድ ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን ባልደረባዎ ከቪው ልታመልጠው የፈለገችው ችግር በስቬልትም ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው ስቬልት 5 የለውጥ መከታተያውን አጻጻፍ በሌላ ተክቶታል። ለምስጋናቸው ያህል፣ የቀድሞው አጻጻፍ ወዲያው እንዳይሰበር አድርገዋል፤ የአንድ መሣሪያ ባለቤቶች ጠባይ የሚታወቀውም እንዲህ ባለው የሽግግር ጊዜ ነው። አንጉላር የተባለው ሌላ የገጽ መሥሪያ የመጀመሪያው ቁጥር በጎግል የተያዘ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው እንደ አዲስ ተጽፎ ነው፤ የቀድሞው ድጋፍም በ2021 መጨረሻ አብቅቷል። በፌስቡክ የተጀመረው የሪአክት መሣሪያ ጀማሪዎች በብዛት ይነሡበት የነበረው ክሪኤት ሪአክት አፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ለአዲስ ሥራ እንዳይውል በራሱ በሪአክት ቡድን ተነግሯል። የባለቤቱ ስም መግነን ዋስትና እንደማይሆን ከነዚህ ሁለቱ በላይ ምስክር አያስፈልግም። አዲስ መሣሪያ ስትመረምሩ የመጀመሪያውን ገጹን ሳይሆን ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላው ሲያልፍ ለነባር ተጠቃሚዎቹ የጻፈውን የሽግግር መመሪያ አንብቡ። ፈቃዱንም ተመልከቱ፤ ቪው፣ ስቬልትና ሪአክት ዛሬ ሦስቱም ኤምአይቲ በተባለው ነፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሠራጩ ቢሆኑም፣ ሪአክት ወደዚህ ፈቃድ የተዛወረው በቀድሞው ፈቃዱ ውስጥ በነበረው የፓተንት (የፈጠራ መብት) አንቀጽ ምክንያት ብዙ ክርክር ከተነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ነበር።

አሁን ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝን ልናገር። ስለ ቪው፣ ስለ ስቬልትና ስለ ቪውቲፋይ ጽፈዋል፤ ሚዛኑ አጠገብ የቆመው መዝጋቢ ስለሚያማርረው ነገር ግን አንድ መስመር የለም። ክርክሩ የከረረውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ መመዘኛ የሌለው ክርክር የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ የማንኛውንም መሣሪያ ስም ሳትጠሩ የችግሮቹን ዝርዝር ጻፉ። ገጹ ለመክፈት የሚዘገየው በየትኛው ስልክ ላይ ነው? ኔትወርክ ሲጠፋ የተመዘገበው ክብደት ምን ይሆናል? የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ ከአማርኛው ስለሚረዝም ከአዝራሩ ውጭ የሚፈስሰው የት ላይ ነው? ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ በእያንዳንዱ ችግር አጠገብ «ይህንን ስቬልት ይፈታዋል? ቪው 3ስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ አብዛኛው ቦታ ላይ መልሱ «ሁለቱም አይፈቱትም» የሚል እንደሚሆን እገምታለሁ።

ለምሳሌ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ መመዝገብ መቻልን እንውሰድ። ይህንን የሚሰጠው ፍሬምወርክ ሳይሆን ብራውዘሩ ነው። ሰርቪስ ወርከር ገጹን ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ኢንዴክስድ ዲቢ የተመዘገበውን እስኪላክ ድረስ በስልኩ ውስጥ ያቆያል። ሁለቱም ዛሬ ባላችሁ ቪው 2 ላይ ይሠራሉ፣ ነገ በምትመርጡትም ላይ እንዲሁ። ከዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል የአንድ አርሶ አደር ርክክብ ሁለት ጊዜ እንዳይላክ መቆጣጠርና፣ ስልኩ ማስቀመጫው ሲሞላ ብራውዘሩ ያልተላከውን መረጃ እንዳይሰርዘው ቋሚ ማስቀመጫ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ በዚህ ላይ የሚረዳችሁ ፍሬምወርክ አላውቅም።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ከዚህም ይብሳል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገጾቹ የሚጻፉበት የጃቫስክሪፕት ቋንቋ የራሱ የቀን መቁጠሪያ ጎርጎርዮሳዊ ነው፤ ተዘጋጅተው የሚገኙት የቀን መምረጫ ኮምፖነንቶችም በአብዛኛው ዓመት አሥራ ሁለት ወር እንዳለው አድርገው የተጻፉ ስለሆኑ ጳጉሜን የምታስገቡበት ቦታ የላቸውም። ብራውዘሮች ኢንትል በተባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል አማካይነት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነወሩ ስም ማሳየት ይችላሉ፣ ለዚህ ምንም ተጨማሪ ፓኬጅ (ሌሎች ያዘጋጁት ኮድ) አያስፈልግም፤ ነገር ግን ይህ ማሳያ እንጂ መቀበያ ስላልሆነ መዝጋቢው የሚመርጥበትን ሰሌዳ ራሳችሁ መሥራታችሁ አይቀርም። ከንጋቱ የሚጀምረው የሰዓት አቆጣጠራችንም በኢንትል ውስጥ ስለሌለ ጠዋት 2 ሰዓት የተባለው በመዝገቡ 8 ሰዓት ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያደርገው የእናንተው ኮድ ነው። መሣሪያ ስትፈትኑ በዚህ ፈትኑት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ ይመዘገብ፣ በማግሥቱ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016 ይባል። ብዙ የሚያምሩ የቀን መምረጫዎች በዚህች አንዲት ቀን ላይ ይወድቃሉ፤ ቀጣዩ ስድስተኛ ጳጉሜን በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነም ጉዳዩ የታሪክ ጥያቄ አይደለም።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ወደ ስልኩ ከሚወርደው ውስጥ የፍሬምወርኩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሳትለኩ አትከራከሩ። የግዕዝ ፊደል ከ300 በላይ ሆሄያት ስላሉት የፎንት ፋይሉ ቀላል አይደለም፤ የዛሬ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ የራሳቸው የግዕዝ ፎንት አላቸው። ለመዝጋቢው ገጽ ብቻ የተለየ ፎንት መላክን ብታቆሙ፣ ከቪውቲፋይም የምትጠቀሙባቸውን ኮምፖነንቶች ብቻ ብታስገቡ፣ ፍሬምወርኩን በመለወጥ ከምታተርፉት የበለጠ ልታተርፉ ትችላላችሁ። ልኬቱ የሚደረገው በላፕቶፕ ላይ አይደለም፤ ከመዝጋቢዎቹ የአንዱን ስልክ ተውሳችሁ፣ ያውም በእርሱው ሲም ካርድ፣ ለኩት።

እንግዲህ የምመክርዎት የመጀመሪያ ሥራ ከቪው 3ም ከስቬልትም የሚቀድም ነው። ክብደትን ከዋጋ የሚያባዛው፣ ቀሪ ሒሳብ የሚያሰላው፣ ቀን የሚለውጠው፣ ርክክቡን ወደ ሰርቨር የሚልከው ኮድ ዛሬ በየኮምፖነንቱ ውስጥ ተበትኖ እንደሚገኝ እገምታለሁ፤ ይህንን ሁሉ አውጥታችሁ ስለ ቪው ምንም የማያውቁ ተራ የጃቫስክሪፕት ፋይሎች አድርጉት፣ ለእያንዳንዱም የመፈተሻ ኮድ ጻፉለት። ይህ ሥራ በማንኛውም ምርጫ አይባክንም። ከተጠናቀቀ በኋላ ፍሬምወርኩ የሚይዘው ማሳየትንና ንክኪ መቀበልን ብቻ ይሆናል፣ የክርክሩም ክብደት ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ምርጫ ብታደርጉ እንኳ የምትጥሉት ሥርዓቱን ሳይሆን ልባሱን ነው።

ከዚያ ሙከራ አድርጉ። የመሣሪያዎቹ ድረ ገጾች የሚያሳዩትን የመቁጠሪያ አዝራርና የሥራ ዝርዝር ምሳሌ አትሥሩ፤ እነርሱ በሁሉም መሣሪያ ያምራሉ። ከሥርዓታችሁ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን የርክክብ ቅጽ ምረጡ፤ በሁለት ቋንቋ፣ ከነጳጉሜኑ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ የተሳሳተ ክብደት ገብቶ ሲታረም። አንዱን በቪው 3፣ አንዱን በስቬልት፣ በሁለት ሳምንት ገደብ ጻፉ። የስቬልቱን ቅጽ የምትጽፈው ግን መሣሪያውን የወደደችው ባልደረባዎ ብቻ እንዳትሆን፤ እርሷ ትጀምረው፣ «አትንኩ» ባዩ ባልደረባችሁ ይጨርሰው። እርሱ ሰነዱን አንብቦ መጨረስ ከቻለ መሣሪያው ለቤታችሁ ይሆናል፤ ካልቻለ ግን የምትገዙት መሣሪያ ሳይሆን የአንድ ሰው ጥገኝነት ነው። ጅማ ላይ ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው። ጎበዝ ባለሙያ አዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር በሚገኝ የርቀት ሥራ ይጠራና ይሄዳል፤ በምትኩ የሚመጣው ከጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመረቅ ወጣት ምናልባት ሪአክትን ያውቅ ይሆናል፣ ቪውንም በቶሎ ይለምዳል፣ ስቬልትን የሚያውቅ ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል።

ስለ ፓኬጆችም አንድ ነገር ላክል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል አሥራ አንድ መስመር ብቻ ያላት ፓኬጅ ባለቤቷ ፓኬጆች ከሚወርዱበት ከኤንፒኤም ማከማቻ ስላነሣት በዓለም ዙሪያ የብዙ ፕሮጀክቶች ቢልድ (ኮዱን ለሥራ የማዘጋጀት ሂደት) ቆሞ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ሲጫን ስንት የማታውቋቸው ፓኬጆች አብረው እንደሚገቡ ቁጠሩ፤ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቁጥር የሚይዘውን የመቆለፊያ ፋይል ከኮዱ ጋር አስቀምጡ። በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ ደግሞ ፒኤንፒኤም የተባለው የፓኬጅ መጫኛ አንዱን ፓኬጅ በኮምፒውተሩ አንድ ቦታ አስቀምጦ ለሁሉም ፕሮጀክት ስለሚያካፍል የዳታ ወጪ ይቆጥብላችኋል።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው። ዋናው የርክክብ ሥርዓት ወደ ቪው 3 ይሻገር፣ የቢልድ መሣሪያውም ከቪው ሲኤልአይ ወደ ቪት ይለወጥ፤ ቪው ሲኤልአይ ራሱ በጥገና ደረጃ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ለአዲስ ሥራ ቪትን የሚመክሩት የቪው ባለቤቶች ናቸው፣ ገጹን በምትጽፉበት ጊዜ የምትጠብቁት ሰዓትም ጉልህ በሆነ መጠን ያጥራል። ለስቬልት ደግሞ አንድ የተለየ ትንሽ ገጽ ስጡት፦ አርሶ አደሩ የደረሰኝ ቁጥሩን አስገብቶ ያስረከበውን ክብደትና የሚከፈለውን ብር የሚያይበት፣ ምንም የማይመዘገብበት ገጽ። በዝግተኛ ስልክ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ስለሆነ የስቬልት ቅለት የሚጠቅመው እዚያ ነው፤ ቢበላሽም መዝጋቢው ሥራውን አያቆምም፣ ገጹም በጥቂት ቀናት በሌላ ሊተካ ይችላል። አንድ የመከር ወቅት ካለፈ በኋላ ባልደረባዎ በእጇ ማስረጃ ይዛ ትከራከርዎታለች፤ ያን ጊዜ እርስዎም የሚመልሱት ነገር በእጅዎ ይኖራል።

ጥያቄ

ጅማ ውስጥ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመታት ድረ ገጽ የሠራልኝ ባለሙያ «የተሠራበት ጄኩዌሪ አርጅቷል፣ በሪአክት እንደ አዲስ ካልተሠራ አይሆንም» ብሎ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ክፍያ ጠይቆኛል። እኔ ስለ ቴክኖሎጂው አላውቅም። ልክፈለው?

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ከጅማ

መልስ

እመቤቴ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ከሆነ አይክፈሉ። ጄኩዌሪ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ቢሆንም ዛሬም ባለቤት ያለውና እየተጠገነ የሚገኝ ላይብረሪ (ገጽ ለመሥራት የሚያግዝ ዝግጁ ኮድ) ነው። ባለሙያውን የሚጠይቁት የትኛውን የጄኩዌሪ ቁጥር (ቨርዥን) እንደተጠቀመ ነው፤ ከ3.5.0 በታች ከሆነ የታወቀ የደኅንነት ክፍተት ስላለበት ይታደስ፣ ይህ ግን አነስተኛ ሥራ እንጂ ድረ ገጹን አፍርሶ መሥራት አይደለም። የክፍሎቹን ፎቶ፣ ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩንና አድራሻውን ለሚያሳዩ ጥቂት ገጾች ሪአክት አያስፈልግም፤ ያለ ጥንቃቄ ከተሠራ እንዲያውም ገጹን ከቀድሞው ያዘገየዋል።

«ሥራው ሲያልቅ እንግዳው ዛሬ የማያገኘው ምን ነገር ያገኛል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ በድረ ገጹ ላይ ክፍል መያዝና በቴሌብር አስቀድሞ መክፈል የሚል ከሆነ ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ ውል ሊነጋገሩበት ይችላሉ፤ እርሱም ቢሆን በጄኩዌሪ ሊሠራ የሚችል ነው። መልሱ «ዘመናዊ ይሆናል» ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ገንዘብ ፎቶዎቹን በአዲስ ያስነሡ፣ መጠናቸውንም ለስልክ እንዲስማማ ያስቀንሱ። የትኛውንም ቢመርጡ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የድረ ገጹ ስም በእርስዎ ስም መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ሥራው ሲያልቅም ሙሉ ኮዱና የሰርቨሩ የይለፍ ቃል በእጅዎ እንዲገባ የሚል አንቀጽ ያስገቡ።